ከመነጽሩ ጎን የቆመው ብረት

ቭላስታ ሄርዳ ፈሪ ነበረች። ይህን የሚያውቅባት ሰው እንደሌለ ግን ትምል ነበር። በቴክሳስ፣ በላቫካ ወንዝ ረባዳ ላይ በቆሎ ለሚዘሩት ገበሬዎች እሷ እጇ የማይንቀጠቀጠው ቭላስታ ነበረች። ሃያ ስድስት ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ለልጆች ስታበስል ኖራለች፤ ባሏ ሲሞትባት ሐዘኗን ዒላማ በመምታት አስታመመች፤ በሦስተኛው ዓመት የአውራጃውን ወንዶች በተርታ አሸነፈች። ዕድሜዋ ያኔ ሃምሳ ሰባት ነበር።

የምትፈራው አሳማ ነበር። የቤቱን ሳይሆን ከጫካ የሚወጣውን። ስምንት ዓመቷ ሳለ የአባቷ አዳኝ ውሻ እግሯ ሥር ሆዱ ሲዘረገፍ አይታለች። አሳማው ያን ሲያደርግ እንኳ ድምፅ አላሰማም፤ ድርቆሽ በመንሽ እንደሚያነሳ ሰው አንገቱን አንድ ጊዜ ወደ ላይ ወርወር አደረገ፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ከጥሻ ውስጥ ቅጠል ሲንኮሻኮሽ በሰማች ቁጥር ባለችበት ትተከላለች።

እንግዲህ የሰው ነገር አይታወቅም፤ አሳማ ለማስገደል አገሩ ሁሉ የሚጠራው እሷኑ ነበር። መንጋው በአንድ ሌሊት ትልም ተከትሎ የተዘራውን በቆሎ ፍሬ በፍሬ ለቅሞ ይጨርሳል። ገበሬው ጧት ማሳው ላይ ቆሞ ቆቡን መሬት ላይ ይጥልና ለቭላስታ ይደውላል። እሷም ትሄዳለች። እምቢ እንዳትል ምክንያቷን መናገር ሊኖርባት ነው፤ ምክንያቷን ከምትናገር ደግሞ ሞት ይሻላታል። ደግነቱ የምትተኩሰው ከሩቅ ነው። ፒካፕ ላይ ጋደም ብላ፣ ሦስት መቶ አራት መቶ እርምጃ ርቃ፣ ጠመንጃው ላይ በተገጠመ ማጉያ መነጽር። ድፍረቷ ርቀቱ ነበር። በመነጽሩ ውስጥ አሳማው ገዝፎ ይታያል፣ ትንፋሹ ግን አይደርስባትም።

ጠመንጃ የሚሠራላት ሉሚር ዱሴክ የሚባል የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ነበር። ቤቱ ጓሮ ባለ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠመንጃ ሲፈታና ሲገጥም ኖሯል። በዚያ ዓመት አዲስ እየሠራላት ነበር፤ አፈሙዙ ወፍራም፣ ቃታው በተሳበ ቁጥር ራሱ እያጎረሰ የሚተኩስ፣ ከሩቅ ሳንቲም የሚመታ። መነጽሩን ገጥሞ ጨርሶ በጨርቅ ሲወለውል ቭላስታ ጠጋ አለችው።

«ሚስተር ሉሚር፣ የብረት ማነጣጠሪያም ይግጠሙልኝ።»

«ምን ልግጠምልሽ?»

«የብረት። የፊትና የኋላ። በጎን በኩል ጋደም አድርገው።»

ሉሚር ጨርቁን አስቀመጠ። «አንቺ ልጅ፣ ጤና የለሽም እንዴ? ይሄ እኮ የስምንት መቶ እርምጃ ጠመንጃ ነው! በባዶ ዓይን ስምንት መቶ እርምጃ ላይ ምን ልታዪ ነው? ላሟን ከጎተራው ከለየሽ ትልቅ ነገር ነው።»

«ለሩቅ አይደለም። ለቅርብ ነው።»

«ለቅርብማ ዱላ ያዢ!»

ታላቅ ወንድሟ ኤርቪን በርሜል ላይ ተቀምጦ የፕለም ማርማላታ ያለበትን ዳቦ እየገመጠ ያያቸው ነበር። ኤርቪን ሚስት አላገባም፤ ከእሷ አጥር ማዶ በአባታቸው ቤት ብቻውን ይኖራል። አፉን ሞልቶ ሳቀ። «ሉሚር፣ ተዋት። መኪናዋ ውስጥ ሁለት ትርፍ ጎማ ጭና የምትሄድ ሴት ናት።»

«ሦስት ነው» አለች ቭላስታ፣ ለመሳቅ እየሞከረች።

«ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» አለ ሉሚር። ለቀልድ ነበር። እሷ ግን ፊቷ በሐፍረት ሲግል ተሰማት፣ እጇንም በብብቷ ሥር ሸጎጠች። ሽማግሌው አላየም፤ ቀጠለ። «ስሚ፣ የዛሬ መነጽር የድሮ አይደለም። ከመኪና ላይ ቢወድቅ አይሰበርም። ያ ብረት ክብደት ነው፣ ቅርንጫፍ እየያዘ ያስቸግርሻል። በዕድሜዬ ስንት መነጽር ሲሰበር ያየሁ ይመስልሻል? አራት። ሦስቱን የሰበሩት ሚስቶች ናቸው፣ መኪና ወደ ኋላ ሲነዱ።»

«አራተኛውስ?»

ሉሚር ጨርቁን አነሳ። «አራተኛው ውሃ ገብቶበት ነው።»

«ሰውየውስ ምን ሆነ?»

«ሰውየው ደህና ነው። ፈረሱ ነው የሞተው።»

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከራትም። እያጉረመረመ ሁለቱን ትንንሽ ብረቶች ከመነጽሩ በስተቀኝ ጋደም አድርጎ ገጠመላት፤ ጠመንጃውን በትከሻዋ ላይ ትንሽ ወደ ግራ ስታዘነብለው ብረቶቹ ከዓይኗ ፊት እንዲመጡ። ቭላስታ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ጎተራው ኋላ እየሄደች በሃምሳ እርምጃ ትለማመድበት ነበር። ሰው እንዳይስቅባት ተደብቃ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል የሚባለው ነገር ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለፈሪ ግን የእንቅልፍ መድኃኒት ነው።

በየካቲት ወር አንድ ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ ሰነበተ። ኤርቪን በረባዳው፣ ከፔካን ዛፎቹ መካከል፣ ከብረት ዘንግ የበየደው ትልቅ ክብ ወጥመድ ነበረው፤ አሳማዎቹ በቆሎ ሊበሉ ሲገቡ መዝጊያው ከላይ ይወርድባቸዋል። ጧት ጧት እሱን ለማየት ብቻውን ነበር የሚወርደው። አንድም ቀን እህቱን «አብረን እንሂድ» ብሏት አያውቅም። እሷም ስላልጠራት እግዚአብሔርን እያመሰገነች ምክንያቱን ሳትጠይቅ ዓመታት አለፉ።

የዚያን ዕለት ጧት አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ቭላስታ ቋሊማ እየጠበሰች ሳለ ሞባይሏ ጮኸ። ኤርቪን ነበር። መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሹን ብቻ ነው።

«ቭላስታ… ጠመንጃሽን ይዘሽ ነይ።»

«ምን ሆንክ?»

«እግሬን… ወጥመዱ ላይ ነኝ። ትልቁ ውጭ ነው። ውጭ ነው ያለው…» ከዚያ የብረት መንኳኳት፣ ከዚያ ምንም። ስልኩ ተቋረጠ።

ቭላስታ ምድጃውን አጠፋች። መልሳ አበራችው። እንደገና አጠፋች። ለአምቡላንስ ደወለች፤ የመለሰችላት ሴት መንገዱ በጭቃ ስለተያዘ ሰዎቹ ከዋናው መንገድ በእግር እንደሚገቡ፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት መድረስም እንደሚከብዳቸው ነገረቻት። «አንቺ እዚያው ቤትሽ ብትቆዪ ይሻላል» አለቻት ሴትዮዋ። በሕይወቷ እንደዚያ የጣፈጠ ምክር ሰምታ አታውቅም። ወንበሩ አጠገቧ ነበር። መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ማንም አይወቅሳትም።

ጠመንጃውን ከግድግዳው ላይ አወረደች። አሥር ጥይት የያዘውን ካዝና ለማስገባት እጇ የማይንቀጠቀጠው ቭላስታ ሦስት ጊዜ ሳተች። ክፍቷን ትንሽ የእርሻ መኪና አስነስታ ወደ ረባዳው ወረደች።

ጉሙ መሬት ነክቷል። ከሃምሳ እርምጃ ወዲያ ዛፍ የለም፣ ሰማይ የለም። ጎማው ጭቃ ላይ ይንሸራተታል። እየነዳች «እመቤቴ ማርያም፣ እመቤቴ ማርያም» ትላለች፣ ሌላ ቃል አልመጣላትም። ከጅረቱ አፋፍ ስትደርስ ዝናብ የበላው አፈር በአንድ ጎን ተናደ፣ መኪናዋም ቀስ ብላ፣ እንደምትተኛ ላም፣ በጎኗ ተገለበጠች። ቭላስታ ጭቃው ውስጥ ተወረወረች። ስትነሳ የጎድን አጥንቷ ይወጋታል። ጠመንጃው ከማንጠልጠያው ወጥቶ የዛፍ ጉቶ ላይ ወድቋል።

አነሳችውና በመነጽሩ አየች። የታያት ነጭ የሸረሪት ድር ነው። የፊተኛው መስታወት ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል፤ ውስጡ ያለው መስቀለኛ መስመርም ተነቅሎ ወደ ጎን ጋደል ብሏል። ጠመንጃውን ይዛ በእግሯ ሄደች።

መጀመሪያ የሰማችው ወጥመዱ ውስጥ ያሉትን ነው፤ አሥራ ሁለት ወይም አሥራ አምስት አሳማ ብረቱን በአፍንጫው እየመታ ያንኳኳል። ቀጥሎ የኤርቪንን ድምፅ ሰማች። በአያቶቻቸው ቋንቋ፣ በቼክኛ፣ አንድን ፍጥረት ከነእናቱ ይሳደባል። በሕይወት አለ። ጥቂት እርምጃ ሄደችና ጉሙ ውስጥ ታያት።

ኤርቪን እንደ ፈረስ ጋላቢ የብረት አጥሩ ጫፍ ላይ ተፈናጥጧል። የቀኝ ሱሪው ከጭኑ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠቁሯል፤ ከጫማው ደም ይንጠባጠባል። በውስጥ በኩል ቢወድቅ እናት አሳማዎቹ አሉ። በውጭ በኩል ደግሞ እሱ አለ። ጥቁር፣ ትከሻው የሰው ወገብ የሚደርስ፣ ክራንቻው ቢጫ የሆነ ወንድ አሳማ። ጥቂት ወደ ኋላ ይልና አጥሩን በትከሻው ይገጫል፤ በገጨ ቁጥር ኤርቪን ይወዛወዛል።

ቭላስታ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆማለች። እንደዚህ ቀርባ የቆመችው ያኔ በስምንት ዓመቷ ነበር። እግሯ ተተክሎ ቀረ። መሮጥ ፈለገች፤ ሐቁ ይሄ ነው፣ ኋላም ለማንም አልደበቀችውም። ያስቀራት ጀግንነት አልነበረም፤ እግሯ ስላልታዘዛት ነው።

ኤርቪን ቀና ሲል አያት። «ቅረቢ እንዳልልሽ እሱ አለ…» አለና ድምፁ ተሰበረ። ራሱን ሊስት ነበር።

ጠመንጃውን ወደ ትከሻዋ አመጣች፣ ወደ ግራ አዘነበለችው። የኋለኛው ቀዳዳ፣ የፊተኛው ጉጥ፣ ጥቁሩ ትከሻ። ትንፋሿን ያዘች። ሳበች።

ብረት ጮኸ። ጥይቱ ከአሳማው በስተግራ አልፎ የአጥሩን ምሰሶ መታ፣ ከኤርቪን ጫማ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ።

«ቭላስታ! እኔን ነው እሱን?»

«እሱን!»

«እንግዲያው ወደ እሱ ተኩሺ!»

ያኔ ገባት። ስትወድቅ የተጎዳው መነጽሩ ብቻ አልነበረም፤ ብረቱም ተነክቷል። ያ ለክፉ ቀን ያስገጠመችው፣ በስንት እሁድ የተለማመደችበት ብረት ዋሽቷታል፤ ወንድሟንም ሊገድልባት ነበር። አሳማው በተኩሱ ዞረ። በነዚያ ትንንሽ ዓይኖቹ አያት። ከዚያ መጣ።

ምሰሶው ላይ ያለችው አዲስ ጭረት ታየቻት፤ ካነጣጠረችበት ወደ ክንድ የሚጠጋ ወደ ግራ። እንግዲያው ክንድ የሚያህል ወደ ቀኝ። ዓይኗ «አሳማው ላይ» እያላት፣ እሷ ጉጡን ከአሳማው ጎን ባዶ ጭጋግ ላይ አስቀመጠች። ባዶ ነገር ላይ አነጣጥሮ ቃታ መሳብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ ያልሞከረው አያውቀውም። ሳበች። አሳማው በፊት እግሮቹ ተንበረከከና ተነሳ። ደግማ ሳበች። ከዚህ በኋላ ያለውን አታስታውስም። ዓይኗ ሲገለጥ አሳማው ከጫማዋ አራት እርምጃ ርቆ ተዘርግቷል፣ ጥይቱ አልቋል፣ እሷም ባዶውን ቃታ ትስባለች። በኋላ የወደቀውን ቀለህ ሲለቅሙት አሥር ሆነ። እሷ ሦስት ብቻ ነው የተኮስኩት ብላ እስከ ዛሬ ትከራከራለች።

ኤርቪን ከአጥሩ ላይ እንደ ጆንያ ወረደ። ሮጣ ቀበቶውን ፈታች፣ ጭኑን ከቁስሉ በላይ አሰረችው፣ በጉልበቷ ተጭና ጎተተችው። «አትተኛ፣ ኤርቪን። አንተ አትተኛ ነው የምልህ!» እያለች ጉንጩን ትመታዋለች። እሱም «ጥርሴን ተይልኝ» አለ በቀጭን ድምፅ። ሰዎቹ ቃሬዛ ተሸክመው በጉሙ ውስጥ ሲመጡ ሁለቱም ጭቃው ላይ ተቃቅፈው ነበር፣ የማን ደም የማን እንደሆነ አይለይም።

እግሩ ዳነለት፤ ማንከሱ ብቻ ቀረ። በስድስተኛው ቀን ሆስፒታል አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ሾርባ ስታጎርሰው ንዴቷ ገነፈለ።

«ለመሆኑ አንተ ሰውዬ፣ ዓመቱን ሙሉ ብቻህን የምትወርደው ለምንድን ነው? አጥር ማዶ ነው ያለሁት! አንድ ቀን ብትጠራኝ ምን ነበረበት?»

ኤርቪን ሾርባውን ዋጠ። «ትፈሪያለሻ።»

ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

«ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። የአባባ ውሻ የሞተ ጊዜ አንቺን ተሸክሜ ወደ ቤት የገባሁት እኔ አይደለሁም? ከዚያ ወዲህ አሳማ በተነሳ ቁጥር እጅሽን በብብትሽ ሥር ትደብቂያለሽ። ዛሬም ደብቀሻል፣ አንዱን ማንኪያ ስለያዝሽበት ነው እንጂ።»

ቭላስታ ግራ እጇን አየችው። እውነቱን ነበር። «ታዲያ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ?»

ማንኪያውን ወደ ሾርባው መለሰችው። እሷ ፍርሃቷን ደብቃ፣ እሱ ማወቁን ደብቆ፣ እግሩን ያስጎዳው ያ ዝምታ መሆኑን ሁለቱም ያን ሰዓት ተረዱት። ሾርባው በረደ።

ሉሚር ጠመንጃውን ፈትቶ ሲያይ ቭላስታ አጠገቡ ቆማ ነበር። የፊተኛውን ጉጥ በጣቱ ነካው። የተጣመመው የትንሽ ጣት ጥፍር ስፋት ያህል ቢሆን ነው።

«ይሄ ነው እንግዲህ» አለ። «ይቺን ታክል ነገር ሠላሳ እርምጃ ላይ ክንድ ትሆናለች። መንደሩ ዶሚኖ መጫወቻው ቤት ውስጥ ለሁለት ተከፍሎልሻል። ግማሹ ‹ቭላስታን ያዳናት ብረቱ ነው› ይላል፣ ግማሹ ‹ብረቱ ኤርቪንን ሊገድልባት ነበር› ይላል። አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔ እንጃ፣ ሚስተር ሉሚር። ብረቱ ባይኖር አፈሙዙን ብቻ አይቼ እተኩስ ነበር፤ የት እንደሚሄድም እግዚአብሔር ያውቃል። ኖሮም ደግሞ አንድ ስንዝር ነው የቀረኝ። ቀን ቀን ‹እንኳን አስገጠምኩት› እላለሁ። ጋደም ስል ያ የብረት ጩኸት ይሰማኛል።»

ሽማግሌው ጉጡን በጨርቅ ወለወለው። «እኔ ስከራከርሽ ስለ ሩቁ ነበር የማስበው» አለ በመጨረሻ። «ሩቅ ላለ ነገርማ መነጽርሽ ቢሰበር ቤትሽ ትገቢያለሽ፣ ማንም አይነካሽም። ነገሩ ራሱ ወደ አንቺ የሚመጣ ከሆነ ግን ሌላ ነው። ያን አላሰብኩትም። አዲስ እገጥምልሻለሁ፣ በወፍራሙ። አንቺም ከወደቅሽ በኋላ፣ ማንም ሰው ሳይኖር፣ አንድ ጥይት መሬት ላይ ተኩሰሽ እዪው።»

«ጊዜ ቢኖር ነዋ።»

«አዎ» አለ ሉሚር። «ጊዜ ቢኖር።»

ቭላስታ ሦስት ወር ያህል ረባዳውን አልረገጠችም። ገበሬዎች ሲደውሉላት «አሞኛል» ትል ጀመር፤ ቆይታ ግን እሱንም ተወችው። አንድ ቀን የጎረቤት ገበሬ ደውሎ መንጋው ማሽላውን እየጨረሰበት መሆኑን ሲነግራት «እፈራለሁ፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አለችው። ሰውየው የሰማውን ማመን አቅቶት «ማን? አንቺ?» አለ። «እኔ» አለች። ስልኩን ስትዘጋ ላብ አጥምቋት ነበር፣ ከአሳማው ፊት እንደቆመች ሁሉ። ሰማዩ ግን አልተደፋም። ሰውየው በሳምንቱ አንድ ሳጥን ሽንኩርት ይዞላት መጥቶ ስለ አሳማው አንድም ቃል ሳያነሳ ስለ ዝናብ አውርቶ ሄደ።

በግንቦት ኤርቪን ምርኩዙን ይዞ በሯን አንኳኳ። ወጥመዱን ከጫካው አውጥቶ ከቤት የሚታይ ሜዳ ላይ ሊተክለው ፈልጓል፣ ብቻውንም አይችልም።

«አብረን እንውረድ?» አለ። የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«ፈርቻለሁ።»

«እኔም እኮ። ትናንት ድመት ከጥሻ ዘልላብኝ ምርኩዜን ጥዬ ሮጥኩ። ሐኪሙ መሮጥ አትችልም ብሎኝ ነበር።»

ቭላስታ ሳቀች፣ እንባዋም መጣ። ፒካፑን አፋፉ ላይ አቁመው ጉሙ እስኪገፈፍ ድረስ መስኮቱን ዘግተው ተቀመጡ። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ሁለቱም ዞር ይላሉ። ፀሐይዋ የፔካኖቹን ግንድ አንድ በአንድ ስታወጣው በሩን ከፍተው ወረዱ፣ እሷ ከፊት፣ እሱ እያነከሰ ከኋላ፣ ብሎን መፍቻውንም ይዘው የመጀመሪያውን ምሰሶ መፍታት ጀመሩ።